በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ የዲዛይን መሣሪያዎችን ከመግዛታችን በፊት እንዴት እንፈትሻቸው?

ይህ መመሪያ የተጻፈው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚታገዝ የዲዛይን መሣሪያ ለመግዛት፣ ወይም በነጻ የሚገኘውን ወደ ዕለት ሥራቸው ለማስገባት ለሚያስቡ ትንንሽ የምርት ቡድኖች ነው። የምርት ቡድን ስል ዲዛይነሩን፣ ፕሮግራመሩን፣ የምርቱን አቅጣጫ የሚወስነውን ሰውና ከደንበኛ ጋር በየቀኑ የሚነጋገረውን ባልደረባ በአንድነት ማለቴ ነው። እኔ የምሠራው ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ዝቅ ብላ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቢሮ ሲሆን፣ ቡድናችን ለግል ክሊኒኮች የቀጠሮ መያዣ መተግበሪያ ያዘጋጃል። ከእነዚህ መሣሪያዎች ገንዘብ ከፍለን የተጸጸትንባቸው አሉ፤ ዛሬም ከእጃችን ያልወጡ አሉ። ልዩነቱን ያመጣው የመሣሪያዎቹ ዝና ሳይሆን፣ ከመግዛታችን በፊት ያደረግነው ወይም ሳናደርገው የቀረነው ፍተሻ ነው።

ፍተሻው ሁሉ የሚያርፈው በአንድ መለኪያ ላይ ነው። መሣሪያው ገጹን በስንት ሰከንድ እንደሠራው ሻጩ ይነግራችኋል፤ እናንተ መለካት ያለባችሁ ግን ያ ገጽ ተስተካክሎ ለተጠቃሚ እስኪበቃ ድረስ ከሰው የወሰደውን ጊዜ ነው። በእኛ ቢሮ ይህን ጊዜ «የእርማት ሰዓት» እንለዋለን፤ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ይህን ሰዓት በትክክል ለማወቅ የሚረዱ ናቸው።

አንደኛ፦ የራሳችሁን ሥራ መዝግቡ

ማንም ሰው የሙከራ አካውንት ከመክፈቱ በፊት የቡድኑ አባላት ለአንድ የሥራ ሳምንት ጊዜያቸው የት እንደሚሄድ ይመዝግቡ። ምዝገባው ቀላል ነው፤ በደብተር ላይ ሰዓቱንና የተሠራውን ሥራ በአንድ መስመር መጻፍ ይበቃል። ገጽ መሣል፣ የቁልፎችንና የማሳወቂያዎችን ጽሑፍ ማዘጋጀት፣ የስሕተትና የባዶ ገጽ ሁኔታዎችን መሥራት፣ ለፕሮግራመር ማስረከብ፣ የተመለሰውን ማረም እየተባለ ለየብቻ ይጻፍ። እኛ ይህን ስናደርግ አብዛኛው ሰዓታችን የሚያልቀው በሥዕል ላይ ይመስለን ነበር፤ መዝገቡ ሲደመር ግን ትልቁን ድርሻ የያዘው የጽሑፍ ማስተካከልና ሰዎች የሚረሷቸው ገጾች ሥራ ሆኖ ተገኘ። «ቀጠሮ አልተያዘም»፣ «ኔትወርክ የለም»፣ «ይህ ሰዓት ተይዟል» የሚሉት ገጾች ማለቴ ነው። ይህን ሳናውቅ ገጽ የሚሥል መሣሪያ ብንገዛ ኖሮ የማያመንን ቦታ እያከምን እንቀር ነበር።

ከመዝገቡ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበሉትን ሁለት ወይም ሦስት ሥራዎች ብቻ ምረጡ። ቀጥሎም መሣሪያው በእያንዳንዱ ሥራ ላይ ምን ቢያስገኝ እንደምትገዙት፣ ምን ቢጎድለው ደግሞ እንደማትገዙት በጽሑፍ አስቀምጡና ቀን ጻፉበት። ይህ ከሙከራው በፊት መደረግ አለበት፤ ያማረ ገጽ ካየን በኋላ የምንጽፈው መስፈርት ሳናውቀው ወደ ወደድነው መሣሪያ ያደላል።

ሁለተኛ፦ የምትፈትሹትን ዓይነት ለዩ

በዚህ ስም የሚጠሩት መሣሪያዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። በጽሑፍ ከተሰጣቸው ትእዛዝ ተነሥተው ሙሉ የመተግበሪያ ገጽ የሚሠሩ አሉ፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ያስተዋወቀው ስቲች እና የዲዛይን ሶፍትዌር የሚያቀርበው ፊግማ በዚያው ወር ያስተዋወቀው ፊግማ ሜክ ከእነዚህ ይመደባሉ። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ለሙከራ እንደወጣው የአዶቢ ፋየርፍላይ ያሉት ደግሞ በተለይ ሥዕልና ፎቶ የሚፈጥሩ ናቸው። ከዲዛይን አልፈው የሚሠራ ኮድ የሚጽፉ አሉ፤ የተጠቃሚ ቃለ መጠይቅን ወደ ጽሑፍ ቀይረው የሚያጠቃልሉም አሉ። የመጨረሻዎቹን ለመፈተሽ የራሳችሁን የአማርኛ ቅጂ አሰምታችሁ የወጣውን ጽሑፍ ቃል በቃል ከድምፁ ጋር ማመሳከር ስለሚበቃ በዚህ መመሪያ አልመለስባቸውም።

በአንድ ዙር ከሦስት መሣሪያ በላይ አትፈትሹ። ከዚያ በላይ ሲሆን ሰው ይሰለቻል፤ አራተኛውና አምስተኛው መሣሪያ የሚገባውን ያህል ሳይታይ ያልፋል።

ሦስተኛ፦ የመፈተኛ ጥቅላችሁን አዘጋጁ

ለሁሉም መሣሪያዎች የሚቀርበው ፈተና አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አለዚያ የምታነጻጽሩት መሣሪያዎቹን ሳይሆን ጥያቄዎቹን ይሆናል። ጥቅሉ ከራሳችሁ ምርት የተወሰዱ አምስት ያህል ሥራዎችን ይያዝ። የእኛ ጥቅል የሕመምተኛ መመዝገቢያ ቅጽ፣ የቀጠሮ ቀን መምረጫ፣ የዕለቱን ቀጠሮዎች የሚያሳይ ዝርዝር፣ ያው ዝርዝር ባዶ ሲሆን፣ እና ረዘም ያለ የአማርኛ መልእክት ያለበት የማስጠንቀቂያ ገጽ አለው። እያንዳንዱ ትእዛዝ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተጽፎ ተቀምጧል፤ የገጹም ስፋት በብዙ አንድሮይድ ስልኮች የተለመደው 360 ፒክስል እንዲሆን ተወስኗል።

በጥቅሉ ውስጥ የእውነተኛ ሰው መረጃ በፍጹም አታስገቡ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ወገን መድቦታል፤ የአንድን ሕመምተኛ ስም፣ ስልክና የምርመራ ዓይነት ከአገር ውጭ ወዳለ ሰርቨር መላክ ለሙከራ ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ስሞቹን ራሳችሁ ፍጠሩ፤ ስትፈጥሩም አጫጭሮቹን ብቻ አትምረጡ። «ገብረእግዚአብሔር» ወይም «ወለተሥላሴ» የሚል ረጅም ስም ከአባትና ከአያት ስም ጋር ሲገባ ነው የሳጥኑ ጥበት የሚገለጠው።

አራተኛ፦ የፊደልና የቋንቋ ፍተሻ

በዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ አብዛኛው የእርማት ሰዓት የሚባክነው እዚህ ነውና፣ በውጭ ቋንቋ የተጻፉ የመሣሪያ ግምገማዎችም ይህን ጉዳይ አይነኩትም።

መጀመሪያ ፊደሉ ፊደል መሆኑን አረጋግጡ። ሥዕል የሚፈጥሩ መሣሪያዎች በፖስተር ወይም በምልክት ላይ አማርኛ እንዲጽፉ ሲታዘዙ ከሩቅ ግእዝ የሚመስል፣ ቀርበው ሲያዩት ግን በገበታው ላይ የሌለ ቅርጽ የሚሥሉበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድ ጊዜ «ቀጠሮ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የማስታወቂያ ሥዕል አሠራሁና የመጣልኝን አጉልቼ ተመለከትሁ፤ የመጀመሪያው ፊደል የ«ቀ»ን ራስ ይዞ የ«ጠ»ን እግሮች አብቅሏል፣ ሁለተኛው ፊደል ደግሞ ምን እንደሆነ ሊነበብ አልቻለም። እንዲህ ያለ ሥዕል በእጅ ሊታረም ስለማይችል፣ ጽሑፍ የሌለበት ሥዕል አሠርቶ ፊደሉን በራስ መጨመር ይሻላል።

ገጽ የሚሠሩት መሣሪያዎች የሚጠቀሙት እውነተኛ ፊደል በመሆኑ የእነርሱ ችግር ሌላ ነው። የግእዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት፣ ውስጥ ስላለ «አይደግፍም» የሚል ምክንያት ሊቀርብ አይገባም፤ ዳሩ ግን መሣሪያው የሚመርጠው ፎንት የላቲን ፊደል ብቻ ያለው ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ በራሱ ሌላ ፎንት ይተካል፤ ማክ ላይ አንድ ዓይነት፣ ዊንዶውስ ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ስለሚታይ ዲዛይነሩ ያጸደቀውና ፕሮግራመሩ የሚያየው ገጽ ይለያያሉ። ስለዚህ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት በስም ጠርታችሁ እንዲጠቀም እዘዙት፤ ከዚያም ገጹን ከፍታችሁ እያንዳንዱ የጽሑፍ ሳጥን በርግጥ ያንን ፎንት መያዙን ተመልከቱ። ደማቁንና ቀጭኑንም ውፍረት ለየብቻ ሞክሩ።

ቀጥሎ የሚመጣው አቀማመጥ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ርእስን ከጽሑፍ የሚለዩት ብዙ ጊዜ በትልልቅ የላቲን ሆሄያት፣ በፊደላት መካከል በሚጨመር ክፍተት ወይም በዘመም አጻጻፍ ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ሆሄ የለውም፤ ሲዘምም ለዐይን ይከብዳል፣ ፊደላቱም ሲራራቁ ቃሉ የተበታተነ ይመስላል። በመሆኑም ወደ አማርኛ ሲገለበጥ የገጹ ደረጃ ሁሉ ይጠፋና ርእሱም፣ ማብራሪያውም፣ ቁልፉም እኩል ሆነው ይታያሉ። መሣሪያው ይህን ተረድቶ በመጠንና በውፍረት ይለይ እንደሆነ ማየት ጥሩ ፈተና ነው። የመስመሮችንም ክፍተት ልብ በሉ፤ ለላቲን የተለካው ክፍተት ለአማርኛ ጠባብ ሆኖ መስመሮቹ ይተፋፈጋሉ።

ከዚያ በኋላ ቋንቋውን አንብቡ። አንድ ገጽ ላይ «ግባ»፣ «ይምረጡ» እና «ስልክሽን ጻፊ» ተቀላቅለው ሲመጡ አይተናል፤ ተጠቃሚውን አንዴ በአንተታ፣ አንዴ በእርስዎ፣ አንዴ በአንቺ የሚጠራ መተግበሪያ ለክሊኒክ አይሆንም። ጎንደር ላይ ደግሞ አንድ አዛውንት ስልካቸውን ከፍተው «ግባ» የሚል ትእዛዝ ቢያነቡ ቅር ይላቸዋል፤ ቅሬታቸውም ተገቢ ነው። መሣሪያውን «ለሁሉም ተጠቃሚ በእርስዎ ጻፍ» ብላችሁ እዘዙትና በአምስቱም ገጾች ላይ ትእዛዙን እስከ መጨረሻው መጠበቁን ቁጠሩ። በአማርኛ ረጅም ትእዛዝ መስጠት ተመሳሳዩን በእንግሊዝኛ ከመስጠት ይልቅ የተፈቀደላችሁን ገደብ ቶሎ ሊጨርስ እንደሚችልም እወቁ፤ ከመሣሪያዎቹ በስተጀርባ ያሉት የቋንቋ ሞዴሎች የግእዝን ጽሑፍ በብዙ ትንንሽ ቁርጥራጭ ስለሚቆጥሩት ነው።

ስምም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የሞከርናቸው መሣሪያዎች መመዝገቢያ ቅጽ ሲሠሩ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ያስቀምጣሉ፤ እኛ ግን ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው ያለን። ፍለጋ ያለበት ገጽ ከሆነ «ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበች ሴት «ጸሀይ» ተብላ ስትፈለግ መገኘት አለባት፤ ይህ የፕሮግራመሩ ሥራ ቢሆንም ኮድ የሚጽፍ መሣሪያ ከሆነ የምትፈትሹት ይህንንም ጠይቁት።

ቀንና ሰዓት ግን ከሁሉም የከፋ ጉዳት የሚያደርሱ ናቸው። አንድ መሣሪያ የሠራልን የቀጠሮ ማረጋገጫ ገጽ በጣም ያማረ ነበር፤ አረንጓዴ ምልክት፣ የሐኪሙ ክብ ፎቶ፣ ከሥሩም በጉልህ «8:00» ተጽፎበታል። ገጹን ስልክ ላይ ጭነን ከማክሰኚት ለመጡ አንዲት እናት አሳየናቸውና ባልደረባዬ «እናቴ፣ ቀጠሮዎ መቼ ነው ይላል?» ብላ ጠየቀቻቸው። ጠጋ ብለው አነበቡና «ስምንት ሰዓት ከሆነማ ምሳዬን በልቼ እደርሳለሁ፣ ልጄ» አሉ። ገጹ ማለት የፈለገው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር። ስድስት ሰዓት ዘግይተው ሊመጡ ነው፤ ሐኪሙም አይቆይላቸውም። እኛ አራት ሰዎች ያንን ገጽ አይተን አጽድቀነው ነበር፤ ከውጭ መሣሪያ ጋር ስንውል ዐይናችን የውጭውን ሰዓት ለምዶ ስሕተቱን አላየውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውም መሣሪያ መጀመሪያ የሚፈተነው በዚህ ነው፤ «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት» ብለን እንሰጠዋለን፣ ምን ብሎ እንደሚጽፈው እናያለን።

የቀን መምረጫውንም በጳጉሜን ፈትኑት። አሥራ ሦስተኛ ወር እንዳለን፣ እርሱም አምስት ወይም በየአራት ዓመቱ ስድስት ቀን ብቻ እንዳለው በትእዛዙ ውስጥ ሳትነግሩት የኢትዮጵያን የቀን መቁጠሪያ እንዲሠራ ጠይቁት፤ ከዚያም ነግራችሁት ድገሙት። ከተነገረው በኋላ ያረመ መሣሪያ ሊያገለግል ይችላል፤ ተነግሮትም ከነሐሴ ቀጥሎ መስከረምን የሚያስቀምጥ ከሆነ ያንን ሥራ ለእርሱ አትስጡት።

ለጉብኝት ወይም ለሆቴል የምትሠሩ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። የፋሲል ግንብን ሥዕል እንዲሠራ እዘዙት። ግንቡ በአራቱ ማዕዘኖቹ ክብ ማማዎች ከነጉልላታቸው አሉት፤ መሣሪያው ሾጣጣ ጣሪያ ያለው የአውሮፓ ቤተ መንግሥት ካመጣላችሁ፣ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ያለውን ቅርስ ሳያውቅ የጥልፉን፣ የመሶቡንና የጥምቀቱን ሥዕል በትክክል ይሠራል ብላችሁ አትጠብቁ። ከተማችንን ለማያውቅ ሰው ሁለቱም ግንብ ናቸው፤ የጎንደር ሰው ግን ከሩቅ ይለያቸዋል፣ እምነቱንም ያነሣል።

አምስተኛ፦ የእርማት ሰዓቱን ለኩ

አንዱ ዲዛይነር ሥራውን በመሣሪያው ታግዞ፣ ሌላው ያለ መሣሪያው ይሥራ፤ በሁለተኛው ሥራ ይቀያየሩ። መቀያየሩ የሚያስፈልገው አንዱ ከሌላው የፈጠነ እጅ ካለው ውጤቱ የሰውየው ሆኖ እንዳይቀር ነው። ሰዓት ያዙና ሦስት ጊዜዎችን ለየብቻ ጻፉ፦ የመጀመሪያው ገጽ እስኪመጣ ያለውን፣ ያ ገጽ ለፕሮግራመር እስኪበቃ የታረመበትን፣ እንዲሁም ከአንድ ቀን በኋላ «ይህን ሳጥን ጨምሩበት» ተብሎ ለውጥ ሲመጣ የፈጀውን።

ሦስተኛው ጊዜ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጬ አየዋለሁ። መሣሪያው የሠራው ገጽ ውጫዊ መልኩ ቢያምርም ውስጡ ሲከፈት ሌየሮቹ (ገጹ የተሠራባቸው ንብርብሮች) ስም የላቸውም፣ ቀለሞቹ ከቡድኑ የቀለም ዝርዝር ጋር አልተያያዙም፣ ቁልፎቹም የእኛ ኮምፖነንቶች (አንዴ ተሠርተው በየገጹ የሚደጋገሙ ክፍሎች) ሳይሆኑ እንደ አዲስ የተሣሉ ሣጥኖች ናቸው። እንዲህ ያለ ገጽ ለአንድ ቀን ማሳያ ይበቃል። አንድ ቀለም ለመለወጥ አርባ ቦታ መንካት ሲያስፈልግ ግን በመጀመሪያው ቀን የተረፈው ሰዓት ከእነወለዱ ይመለሳል። ለምሳሌ መሣሪያው ገጹን በአንድ ደቂቃ ሠርቶ እርማቱ ሁለት ሰዓት ቢወስድ፣ ያው ገጽ ደግሞ ባለን ኮምፖነንት በእጅ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚያልቅ ቢሆን፣ ያ መሣሪያ ለዚያ ሥራ አልረዳንም ማለት ነው። ለመነሻ ሐሳብ፣ ማለትም ሦስት አራት የተለያዩ አቀማመጦችን በፍጥነት አይቶ ለመምረጥ፣ ግን ያው መሣሪያ ግማሽ ቀን ሊያተርፍ ይችላል። ውሳኔው በየሥራው ለየብቻ እንዲሆን የምመክረው ለዚህ ነው።

የመጣው ገጽ የሌላ ሰው ሥራ መምሰሉንም ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ፊግማ ገጽ የሚሠራ አዲስ አገልግሎቱን ለጊዜው ያነሣው፣ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ እንዲሠራ ሲታዘዝ የአፕልን መተግበሪያ በጣም የሚመስል ገጽ ማውጣቱን ተጠቃሚዎች ስላሳዩ ነው። አንዱን ትእዛዝ ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ ስጡት፤ ውጤቱንም በገበያ ላይ ካሉት የታወቁ መተግበሪያዎች ጎን አስቀምጣችሁ ተመልከቱት።

ስድስተኛ፦ ከቢሮ ውጡ

ፕሮግራመሩ ፋይሉን ተቀብሎ ይክፈተው፤ ምን እንዳልገባው፣ ምን እንደገና መሥራት እንዳለበት በራሱ ቃል ይጻፍ። የጽሑፉና የመደቡ የቀለም ልዩነት በዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ መሠረት ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ1 መሆን አለበት፤ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 የወጣው የመመሪያው 2.2 ሥሪት የሚነካ ነገር፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ከ24 በ24 ፒክስል እንዳያንስ ይጠይቃል። እነዚህ መሣሪያዎች ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ ይወዳሉ። ልኬቱን በነጻ ማስያ ለክታችሁ ስታበቁ ስልኩን ይዛችሁ በቀትር ውጡ፤ በጃንተከል ዋርካ ጥላ ሥር የተነበበው ጽሑፍ ወደ ፀሐዩ ስትወጡ ከጠፋ፣ ባጃጅ እየጠበቀ ቀጠሮውን ለሚያይ ሰው አይሆንም።

ከዚያ ለተጠቃሚ አሳዩት። የአጠቃቀም ፍተሻን በማስተማር የታወቀው ያኮብ ኒልሰን በአንድ ዙር አምስት ሰው እንደሚበቃ ይመክራል፤ እኛም በዚያ ቁጥር እንሠራለን። አምስቱ ግን አንድ ዓይነት ሰዎች አይሁኑ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቅርብ ስለሚገኙ ሁሉንም ከእነርሱ መውሰድ ይቀናል፤ ይሁን እንጂ ቢያንስ ሁለቱ ከአዘዞ ወይም ከቅዳሜ ገበያ አካባቢ የሚመጡ፣ ስልክን ለመደወልና ለገንዘብ መላኪያ ብቻ የሚጠቀሙ ይሁኑ። ሲሳሳቱ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ፤ ጣታችሁን ወደ ስክሪኑ አትዘርጉ። እንግዳን ላለማሳፈር ቶሎ የመርዳት ልማዳችን ጥሩ ልማድ ነው፤ በዚህ ሥራ ላይ ግን እውነቱን ይሸፍንብናል።

ሰባተኛ፦ ውሉን አንብቡ፣ መውጫውንም ፈትሹ

በውሉ ላይ የምትፈልጉት ጥቂት ነገር ነው፦ ፋይሎቻችሁ ሞዴሉን ለማሠልጠን ይውሉ እንደሆነ፣ ይህን ማጥፋት የሚቻል ከሆነ ማን እንደሚያጠፋው፣ የወጣው ሥራ ባለቤትነት የማን እንደሆነ። የተለያየ ዋጋ ያላቸው አካውንቶች የተለያየ ሕግ ሊኖራቸው ይችላል። ፊግማ እ.ኤ.አ. በ2024 ይህን ፈቃድ ሲያስተዋውቅ በዝቅተኛ ዋጋ ላሉት አካውንቶች ከመነሻው እንደበራ፣ ለትልልቅ ድርጅቶች ደግሞ እንደጠፋ ነበር ያስቀመጠው። ስለዚህ የሙከራ አካውንቱን እንደከፈታችሁ ከማንኛውም ነገር በፊት ወደ ማስተካከያው ገብታችሁ ይህን ተመልከቱ።

መውጫውን ለመፈተሽ አንድ የሠራችሁትን ፋይል ከመሣሪያው አውጥታችሁ በሌላ ፕሮግራም ክፈቱት። የዲዛይን ቡድኖች ለዓመታት ይሠሩበት የነበረው ኢንቪዥን የዲዛይን አገልግሎቱን በዲሴምበር 31 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ዘግቷል፤ ጋሊልዮ ኤአይ የሚባለውም መሣሪያ በጉግል ተገዝቶ ስቲች ሆኗል። ዛሬ የምትከፍሉለት መሣሪያ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ስምና በዚያው ዋጋ እንደሚኖር ዋስትና የለም፤ ፋይሉ ሥዕል ብቻ ሆኖ የሚወጣ ከሆነ ሥራችሁ በእጃችሁ የለም።

ስምንተኛ፦ ዋጋውን በብር፣ ኔትወርኩንም በሰዓት አስሉ

ክፍያው በዶላር፣ በሰው ቁጥርና በየወሩ ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ የዓመቱን ወጪ በዛሬው የባንክ ተመን አስልታችሁ ለተመን ለውጥ የሚሆን መጠባበቂያ ጨምሩበት። በውጭ አገር ያለ ዘመድ በካርዱ እንዲከፍልላችሁ ማድረግ የተለመደ ቢሆንም አካውንቱ በእርሱ ስም ይሆናል፤ ካርዱ ያለፈበት ቀን የቡድኑ ሥራ በሙሉ ሊቆለፍ ይችላል። እኛ ይህ ደርሶብን ለአራት ቀን ፋይሎቻችንን መክፈት አልቻልንም። ሌላ አማራጭ ከሌላችሁ ቢያንስ የአካውንቱ ኢሜይል የቡድኑ ይሁን።

ብዙዎቹ መሣሪያዎች የሚሠሩት በክሬዲት፣ ማለትም መሣሪያውን ባሠራችሁት ቁጥር ከሚቀነስ ሂሳብ፣ ነው። መሣሪያው ገጽ እየሠራ ሳለ ሆን ብላችሁ ዋይፋዩን አጥፉት፤ ሲመለስ ሥራው ይቀጥላል ወይስ ከመጀመሪያው ይጀምራል? ክሬዲቱስ ተቆርጧል? ክረምት ላይ መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ጊዜ ይህ ጥያቄ የወሩን ሂሳብ ይለውጠዋል። በስልክ ዳታ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሙከራውን ከመጀመራችሁ በፊትና ከጨረሳችሁ በኋላ የቀረውን የጥቅል መጠን መዝግቡ።

ዘጠነኛ፦ ወስኑ

ሁሉም ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሆኖ በመጀመሪያው ሳምንት የጻፋችሁትን መስፈርት አውጡ። ነጥብ ሰጥቶ መደመር የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ከመደመሩ በፊት ሦስት በሮች እንዲቀመጡ እፈልጋለሁ። መሣሪያው ሰዓትና ቀንን ተነግሮት ካላረመ፣ ፋይሉ ሙሉ ሆኖ ካልወጣ፣ ወይም መረጃችሁ ለሥልጠና እንዳይውል ማድረግ ካልተቻለ፣ በሌላው ሁሉ አንደኛ ቢወጣ እንኳ አይለፍ። ሦስቱን በሮች ያለፉትን በእርማት ሰዓታቸው አወዳድሯቸው። የሚቀራረቡ ከሆነ ፕሮግራመሩ የመረጠውን ውሰዱ፤ በመጨረሻ ውጤቱን የሚሸከመው እርሱ ነውና።

የዓመት ክፍያ ርካሽ ቢመስልም በወር ጀምሩ። በወሩ ማብቂያ ላይ እነማን በርግጥ እንደተጠቀሙበት ተመልከቱና ያልተጠቀመበትን ሰው ቦታ ሰርዙ። የመፈተኛ ጥቅሉን፣ የወጡትን ገጾችና የሰዓት መዝገቡን በአንድ ፎልደር አኑሩ፤ መሣሪያው አዲስ ሥሪት ባወጣ ቁጥር የፊደሉንና የሰዓቱን ፍተሻ ብቻ መድገም የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በእያንዳንዱ ፋይል ስም ላይ የመሣሪያውን ስም፣ የሥሪቱን ቁጥርና የተፈተሸበትን ቀን ጻፉ፤ ቀኑም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይገለጽ።